ተነሳሽለት

መስከረም 20

አመልካች፦ አጎትሽ፣ የእናትሽ ወንድም። አድራሻው፦ ሰው አገር፣ ሴት ልጁ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ።
መልስ ሰጪ፦ የእህቴ ልጅ። አድራሻዋ፦ የዳኛ ወንበር!
ጉዳዩ፦ ደስታን ስለመግለጽ።

የኔ ልጅ፣ ፈጣሪ ጤናሽን ከሹመትሽ ጋር ያሰንብትልኝ። እኔ ጉልበቴ ካልሆነ በቀር አለሁ። ስልክ ያልደወልኩት ወድጄ ነው። ስልክ ኮፒ የለውም፤ የተባለው ሁሉ አየር ላይ ይቀራል። አርባ ዓመት ሙሉ ሦስት ኮፒ ሳይዝ አንዲት ማመልከቻ ያልጻፈ ሰው በዚህ ዕድሜው አመሉን አይተውም። የጽሕፈት መኪናዬም አብራኝ አለች፤ ሻንጣ ውስጥ ከልብሴ ቀድማ ነው የገባችው። ታች ያሉት ጎረቤቶች «ምንድን ነው ቀኑን ሙሉ የሚንኳኳው?» ብለው ለልጄ አቤት ብለዋል። ይበሉ፤ አቤቱታ ለምጃለሁ።

እንደምታዪው «ተ» አሁንም ከመስመሯ በላይ ትዘላለች። ከትምህርት ቤት ስትመለሺ የፍርድ ቤቱ አጥር ጋ፣ በዚያች የቆርቆሮ ጥላ ሥር ካርቦን እያቀበልሽኝ «ጋሼ፣ ተ ደግሞ ተነሳች!» ትዪኝ ነበር። ዳኛ ሲያልፍ ደግሞ በክርኔ ጎሸም አደርግሽና «ተነሺ» እልሻለሁ። ያ ፍርድ ቤት ከተሠራ ጀምሮ ሴት የገባችበት ወይ ከስሳ ወይ ተከስሳ ወይ ወለሉን ልትጠርግ ነው። አሁን የኔዋ ካርቦን አቀባይ ልትገባ፣ ያውም እነሱ ሊነሱላት! ዜናውን ስሰማ አለቀስኩ፤ ልጄ የሞተ ሰው ያለ መስሏት ክው አለች።

አንድ ነገር ብቻ ሳትደብቂ ጻፊልኝ። ሲነሱልሽ ምን ተሰማሽ?

ሌላው የወንዱ ልጄ የኮረንቲ ነገር ነው። ሰዉ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለሆነ ይመስለዋል እንጂ ስሙን ያወጣንለት ገና በሦስት ዓመቱ ነው፤ ሲነኩት ይነዝራል። ከደወለ ሰነበተ። ሚስቱ መርፌም ያው ልብሷን ትሰፋለች እንጂ ደውላ አታውቅም። ብቅ ብለሽ እያቸው።

ከላይ የጻፍኩት በእውነት የቀረበ መሆኑን አረጋግጣለሁ።
አጎትሽ


ጥቅምት 18

የማከብርዎ ጋሼ፣

ጉልበትዎን ይማርልኝ፤ የጎረቤቶችዎንም ጆሮ ያስችልልዎ። ደብዳቤዎን ስከፍት «ተ» ከወረቀቱ ዘላ ዓይኔ ውስጥ ገባች፤ ብቻዬን ሳቅኩ።

ሲነሱልሽ ምን ተሰማሽ ብለዋል። አልተነሱም።

ችሎት አስከባሪው በሩን ከፍቶ አየኝና ከኋላዬ ደግሞ ማን እንደሚመጣ ይጠብቅ ጀመር። እኔ መዝገብ ተሸክሜ ከዳኛው ፊት ፊት የምገባ መስዬዋለሁ። ወደ መድረኩ ወጥቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊት የነበሩ አንድ አባት ጎንበስ ብለው «የኔ እህት፣ ዳኛው ዛሬ ይገባሉ?» አሉኝ። «ገብተዋል» አልኳቸው። «የታሉ?» አሉ ዙሪያውን እያዩ። አንድ ጠበቃ ደግሞ አንድ ገጽ ወረቀት አስቀመጠልኝና «ይችን ቶሎ ታይፕ አድርጊልኝ» ብሎኝ ሄደ። እኔ ነኝ ዳኛዋ ስለው ይቅርታ የጠየቀው እኔን ሳይሆን አስከባሪውን ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ባለጉዳዩ ሁሉ «ጌታዬ» ይለኛል፤ ሌላ ቃል አልተዘጋጀላቸውም።

የሰጡኝ ቢሮ የኤግዚቢት ማስቀመጫ የነበረው ነው፤ አንድ ጎማ የሌለው ብስክሌትና ሁለት ገጀራ አሁንም ጥግ ላይ አሉ። ለሴት ዳኛ የሚሆን መጸዳጃ ስለሌለ ግቢውን አቋርጬ ማዶ ሻይ ቤት እሄዳለሁ፤ ዘበኛው በሄድኩ ቁጥር ሰዓቱን ያያል። የአንደኛ ችሎቱ ዳኛ «አይዞሽ፣ ይለመዳል» አሉኝ። ማን ማንን እንደሚለምድ አልነገሩኝም። ሠራተኛው እኚህን ዳኛ «ሽማግሌ ይየው» ነው የሚላቸው፤ ባልና ሚስት ፊታቸው በቀረቡ ቁጥር ሌላ ትእዛዝ ሰጥተው አያውቁም።

ኮረንቲና መርፌ ጋ ሄጄ ነበር። የዳኝነት ካባው የተሰፋው ለረጅም ወንድ ስለሆነ እንድታሳጥርልኝ ይዤላት ሄድኩ። ያው ፊደልም ቁጥርም እንዳልተማረች ያውቃሉ፤ ቁመቴን በክር ለክታ ክሩን ትቋጥረዋለች፤ አንድም ቀን ስታ አታውቅም። በዚያ ሙቀት እጅጌዋ እስከ አንጓዋ የደረሰ ልብስ ለብሳለች። ትከሻዬን ልትለካ እጇን ስታነሳ እጅጌው ተንሸራተተ። ማየቴን አየች። «ካውያ ነው» አለችኝ። ክሩን ስትቋጥር ደግሞ «እርስዎ እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ወንዶቹ ዝም ብለው ይሰማሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ይሰማሉ አልኳት። ኮረንቲ ደህና ነው፤ ሲጫወት ነበር። ከዚህ ሌላ በማስረጃ የማውቀው ስለሌለ አልጽፍም።

ካባው ልኬ ሆኗል።
የእህትዎ ልጅ


ጥር 9

አመልካች፦ አጎትሽ።
ጉዳዩ፦ የለም።

የኔ ልጅ፣ ሰላምሽ ይብዛ፤ ክፉ አይንካሽ። መልሴ የዘገየው ጉልበቴን አሞኝ ነው ልበል። ብያለሁ።

ኮረንቲ ደወለልኝ። መርፌ ፍቺ ጠይቃለች። ከቤት ይውጣልኝ፣ አጠገቤ እንዳይደርስ ይታዘዝልኝ ብላለች። መዝገቡም አንቺ ጋ ወድቋል። ስለዚህ፣

1ኛ. አመልካች ምንም አያመለክትም። አርባ ዓመት በፍርድ ቤት አጥር ሥር ሲኖር ለዳኛ አንድ ቃል በጆሮ ሹክ ብሎ አያውቅም።

2ኛ. ይሁን እንጂ ባልና ሚስት ይጋጫሉ።

3ኛ. ልጁ እጁ ይቀድመዋል እንጂ ልቡ ክፉ አይደለም። ይህን አባቱ ይመሰክራል።

4ኛ. ከዚያ ቤት ከወጣ የት ይወድቃል? እኔ እዚህ ሰው ቤት ነኝ፤ እናቱ የለችም። ያለሽው አንቺ ነሽ።

5ኛ. አመልካች ከ2ኛ እስከ 4ኛ ያለውን እንዳልጻፈ ይቆጠርለት።

እንግዲህ ያቺን የቆርቆሮ ጥላ አትርሺ። መጽሐፍሽን ያነበብሽው በማን ጠረጴዛ ላይ እንደሆነ እኔ አላስታውስሽም። ለኮረንቲ አንዲት ወረቀት ልኬለታለሁ፤ ከመልሱ ጋር ያያይዛታል። አንቺም ታውቂያታለሽ።

እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ።
አጎትሽ


ጥር 27

ጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። 5ኛ ቁጥርዎን ተቀብያለሁ፤ እንዳልጻፉ ቆጥሬዋለሁ። ስለዚህ መዝገብ ሌላ እንዳይጻፉልኝ።

ዘመድ የሆነ ዳኛ ከችሎቱ መነሳት እንዳለበት ከዩኒቨርሲቲ በፊት የሰማሁት ከእርስዎ ነው። «ዳኛው ይነሱልኝ» የሚል ማመልከቻ ስንት ጽፈዋል! እኔ ከተነሳሁ መዝገቡ ለሽማግሌ ይየው ይሄዳል። እሳቸው ምን እንደሚያዝዙ እርስዎም እኔም ዘበኛውም እናውቃለን። ካልተነሳሁ ሕጉን ጣስኩ። ኮሪደሩ ላይ የሚያልፉት ወንዶች ደግሞ የኔን አንዲት ስህተት እየጠበቁ ነው፤ እስኪ ትሳት ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ።

መርፌ እኔ ጋ እስኪደርስላት ሁለት ጊዜ ቀጠሮ አስለውጣለች። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ናት የነገረችኝ። የባሏ የአክስት ልጅ እንደሆንኩ እያወቀች ነው። እጅጌዋ ሲንሸራተት ማየቴን ስላየች ነው ጋሼ፤ ያየ ሰው ይፈርዳል ብላ ነው። አንጀቴን በላችው።

እናንተ የእናቴ ወገን ስለሆናችሁ ስማችን አይገጥምም። ከቤተሰብ ሌላ ዝምድናችንን የሚያውቅ የለም። ይህን ማሰቤ ራሱ ያሳፍረኛል፤ ግን አስቤዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ይመልሱልኝ። ከመሄድዎ በፊት የሚያውቁት ነገር ነበር?

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 4

አመልካች፦ ደስ ያለው አጎትሽ።
ጉዳዩ፦ ምስጋና።

የኔ ልጅ፣ ዘርሽ ይባረክ፤ ወንበርሽ ይጽናልሽ!

ተነሳሽለት! ኮረንቲ በስልክ ሲነግረኝ ጉልበቴን ረስቼ ብድግ አልኩ። በዘመኔ ሰው ለዳኛ ሲነሳ እንጂ ዳኛ ለሰው ሲነሳ አይቼ አላውቅም። ሽማግሌ ይየውም እጃቸው ይባረክ፤ ሦስት ወር አብረው ኖረው ሽማግሌዎች ያስታርቋቸው ብለው ወደ ቤታቸው መልሰዋቸዋል። ቤት ከመፍረስ ተረፈ። ወረቀቷም ሥራዋን ሠራች። ሦስት ኮፒ የሚይዝ ሰው አያፍርም የምልሽ ለዚህ ነበር።

ካባሽን ለብሰሽ የተነሳሽውን ፎቶ ላኪልኝ። እዚህ ያሉት ሰዎች የእህቴ ልጅ ዳኛ ናት ስላቸው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ እንጂ አያምኑኝም።

አረጋግጣለሁ።
አጎትሽ


ሐምሌ 2

ጋሼ፣

ሰላምታውን አስቀርቼዋለሁ። ለደብዳቤዎ ሦስት ወር ያልመለስኩት የምጽፈው ጠፍቶኝ ሳይሆን የምጽፈውን ስለማውቅ ነው።

እውነቱን ልንገርዎ። ያን ጠዋት ልቀመጥ ቆርጬ ነበር። እንደ ዳኛ ነውር ነው፤ አውቃለሁ። መርፌ ያሳጠረችውን ካባ ለብሼ ገባሁ። አስከባሪው «ተነሱ!» አለ። ከተሾምኩ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አዳራሹ በሙሉ ተነሳ። ከሁሉም ቀድማ የተነሳችው መርፌ ናት።

መዝገቡን ከፈትኩ። የኮረንቲን መልስ ገለጥኩ። አራተኛው ገጽ ላይ የካርቦን ኮፒ ተያይዟል፤ «ተ» በየመስመሩ ትዘላለች። ከመሄድዎ ሁለት ዓመት በፊት የጻፉት የእርቅ ስምምነት ነው። «ተበዳይ በደሏን ይቅር ብላ፣ በዳይም ሁለተኛ እጁን ላያነሳባት በሙሉ ፈቃዳቸው ተስማምተው» ይላል። ከሥሩ የመርፌ የጣት አሻራ። ከዚያ ሦስት ምስክሮች። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ።

ትዝ አለኝ። ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ ልጠይቅዎ ቸኩዬ ነው የመጣሁት። «ነይ ፈርሚልኝ፣ የቤት ጉዳይ ናት» አሉኝ። አነበብኩት። «ተበዳይ» የሚለውን «ተበደይ» ብለው ስለመቱት በእስክሪብቶዬ አስተካክዬ ፈረምኩ። ምን በደላት ብዬ አልጠየቅኩም። ፊደሉን ብቻ አረምኩ። መርፌ ቀለም የነካ ጣቷን እየጠረገች ሳቀችልኝ፤ እርቁ ያስደሰታት መስሎኝ እኔም ሳቅኩላት።

የኮረንቲ ጠበቃ ተነስቶ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ሦስተኛዋ ምስክር ማን እንደሆኑ ይመዝገብልን» አለ። ተነሳሁ። ምን አደርጋለሁ? መርፌም የጨረስን መስሏት አብራኝ ተነሳች። ከዚያ ሲገባት ጮክ ብላ «ለሱ ተነሱለት?» አለችኝ። እርስዎ በደብዳቤዎ የመረቁኝን ቃል እሷ ቀድማ ብላኛለች።

ወደ ቤት ተመለሱ። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ኮረንቲ የስፌት መኪናዋን አንስቶ ቀኝ እጇ ላይ ጣለው። ሦስት ጣቶቿ አይታጠፉም፤ ሐኪሙ ከእንግዲህም አይታጠፉም ብሏል። እሱ ታስሯል። ቤት ከመፍረስ ተረፈ ብለውኝ ነበር፤ እነሆ ተረፈ።

አሁን የምጠይቅዎን በቀጥታ ይመልሱልኝ። ኮፒ የሚይዝ ሰው በኮፒው ላይ ማን እንደፈረመ ያውቃል። በጉዳዩ ምስክር የሆነ ዳኛ መቀመጥ እንደማይችልም ያውቃል። ወረቀቷን የላኩት ልጅዎን እንድትረዳው ነው ወይስ እኔን እንድታስነሳኝ?

የእህትዎ ልጅ


መስከረም 3

ለክብርት ዳኛ፣

የምስክርነት ቃል።

ክብርት ሆይ፣ ከዚህ በፊት «አንቺ» እያልኩ ስጽፍልዎ ኖሬያለሁ። ይህንን ግን ለእህቴ ልጅ ሳይሆን ለመዝገብ ስለሆነ የምጽፈው ይታረምልኝ።

ለጠየቁኝ፦ እርስዎን ለማስነሳት ነው። ከተቀመጡ እንደሚፈርዱበት አውቅ ነበር። እንዴት እንዳሳደግኩዎ እኔ አውቃለሁ።

ያልጠየቁኝ አለ። ምራቴ መጀመሪያ ወደ ጠረጴዛዬ የመጣችው እርቅ ልታጽፍ አልነበረም። ፊቷ አብጦ ነበር፤ እርስዎ ያዩዋት ከሁለት ቀን በኋላ፣ እብጠቱ ጎድሎ አሻራዋን ልታኖር ስትመጣ ነው። «አባባ፣ ክስ ጻፉልኝ» አለችኝ። ሌላ ጸሐፊ ጋ ብትሄድ ጉዳችን ይወጣል ብዬ እሺ አልኳት። የማነብላት አስመስዬ የነገረችኝን ሁሉ መልሼ ነገርኳት። የመታሁት ግን እርቁን ነው። ክስ መስሏት አሻራዋን አኖረች። የሳቀችልዎ ለዚያ ነው፤ የሕግ ተማሪ ክሷን አይታ የፈረመችላት መስሏት ነው። ከዚያ ወዲያ ፍርድ ቤቱ መቼ እንደሚጠራት ስትጠብቅ ኖረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ባየችኝ ቁጥር «አባባ፣ ቀጠሮው አልደረሰም?» ትለኝ ነበር። «ፍርድ ቤት ይዘገያል» እላት ነበር።

በእጄ ያለፈው የሰው ማመልከቻ ተቆጥሮ አያልቅም፤ የማያነብ ሰው ያለኝን ቀይሬ የጻፍኩት ይህን አንዱን ብቻ ነው። ይኸው ይበቃል።

ይህ ቃል ሦስት ኮፒ አለው። አንዱ ለእርስዎ፣ አንዱ ለመዝገብ ቤት፣ ሦስተኛው ለምራቴ። የእሷን የሚያነብላት ሰው ይፈልጉላት።

ከላይ የጻፍኩት በእውነት የቀረበ መሆኑን አረጋግጣለሁ። ይህን ዓረፍተ ነገር ዕድሜዬን ሙሉ ስመታው ኖሬ ዛሬ ገና ቆጠቆጠኝ።

አመልካች


ኅዳር 12

ጋሼ፣

ቃልዎ መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ጉዳዩን የያዙት ሌላ ዳኛ የእርቁን ወረቀት ውድቅ አድርገውታል፤ መርፌ ፍቺዋን አግኝታለች። የኮረንቲ ክስ በሌላ ችሎት ቀጥሏል፤ እርስዎ ምን ቃል እንደሰጡ ለሱም ተነግሮታል። ስለሱ ከኔ ሌላ አይጠብቁ።

ዘመድ መሆኔን እያወቅኩ መዝገቡን ይዤ እንደገባሁ ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ራሴ ጻፍኩ። የጽሑፍ ተግሣጽ ሰጡኝ። ሽማግሌ ይየው ኮሪደር ላይ አግኝተውኝ «ልብሽ ስስ ነው፣ የሴት ነገር» አሉ። እሳቸውን የገሠጸ የለም፤ እሳቸው ሕግ አልጣሱም። ከኔ በኋላ ሁለት ሴቶች ተሹመዋል፤ ከነሱ ጋር መጸዳጃውም መጣ። ብስክሌቱ አሁንም ቢሮዬ ውስጥ ነው።

የሚያነብላት ሰው ይፈልጉላት ብለው ነበር። ማንን ልላክ? ራሴ ሄድኩ። አንዲት ክፍል ተከራይታለች፤ በግራ እጇ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ለማስገባት ስትታገል አገኘኋት። ላግዝሽ አላልኩም። ቁጭ ብዬ ቃልዎን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። ስጨርስ ስለእርስዎ ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። ክሩን አስቀምጣ አየችኝና «እሳቸውስ ዋሹኝ፤ እኔም ፊደል አላውቅም» አለችኝ። «አንቺ ግን ያን ጊዜ ማንበብ ትችዪ ነበር።»

አንቺ ስትለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ወጣሁ።

አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ወደ ችሎቴ ትመጣለች። መዝገብ የላትም። የመጨረሻው አግዳሚ ላይ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። አስከባሪው «ተነሱ!» ሲል ሰዉ ሁሉ ይነሳል፤ እሷ አትነሳም። በመጀመሪያው ቀን አስከባሪው ሊያስነሳት ሄደ። «ተዋት፣ ትቀመጥ» አልኩት።

ሲነሱልሽ ምን ተሰማሽ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ሲነሱ እሷን ይሸፍኑብኛል። ሲቀመጡ እዚያው አለች፤ ታየኛለች።

ከላይ የጻፍኩት እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ።
የእህትዎ ልጅ